የኒውክሌር መብራት ማንን ያዋጣል?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እዚህ ኢትዮጵያ ምእመኑ ለሌሊቱ ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ሳለ፣ ጀርመን የመጨረሻዎቹን ሦስት የኒውክሌር ማመንጫዎቿን አንድ በአንድ ትዘጋ ነበር። ኢዛር 2፣ ኤምስላንድና ኔካርቬስትሃይም 2 እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ከኃይል መረቡ ወጡ። በማግስቱ፣ በበዓሉ ዕለት፣ ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ደሴት የገነባችውን 1,600 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አዲስ ማብላያ መደበኛ ሥራ አስጀመረች። ሁለቱም የአውሮፓ ኅብረት አባላት ናቸው፤ ሁለቱም በሀብትም ሆነ በሳይንስ አይታሙም፤ ሁለቱም የአየር ብክለትን እንቀንሳለን ብለው ቃል ገብተዋል። ለአንድ ጥያቄ የሰጡት መልስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ።

ጥያቄው የሁለቱ አገሮች ብቻ አይደለም። ከ30 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ 440 ያህል ማብላያዎች ዛሬ ከዓለም ኤሌክትሪክ 9 በመቶ ገደማውን ያመነጫሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርሻቸው 17 በመቶ ደርሶ ነበር (ካልተገለጸ በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድርሻው የወረደው ማብላያዎቹ ብዙ ስለቀነሱ አይደለም፤ የዓለም ፍላጎት ሲያድግ እነሱ ባሉበት ስለቆዩ ነው። አሁን ግን ነፋሱ የዞረ ይመስላል። በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ከ20 በላይ አገሮች እስከ 2050 ድረስ የዓለምን የኒውክሌር አቅም በሦስት እጥፍ ለማሳደግ ቃል ገቡ። የዓለም ባንክም ለኒውክሌር ገንዘብ አላቀርብም ሲል የኖረበትን አቋም በ2025 አጋማሽ አነሳ።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው አንዱ ወገን ቼርኖቤልን፣ ሌላው የድንጋይ ከሰልን ጭስ እያነሳ ነው። ሁለቱም የሚሉት እውነትነት አለው። የጣቢያዎቹን ዕጣ ሲወስን የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ያለ ነገር ነው።

የሚፈለግበት ምክንያት

ከደጋፊዎቹ እንጀምር። የጣት ጫፍ የምታህል አንዲት የዩራኒየም ነዳጅ ፍሬ አንድ ቶን ገደማ የድንጋይ ከሰል የሚሰጠውን ኃይል ትሰጣለች። ስለዚህ ነዳጁን ማጓጓዝም ሆነ ለዓመታት ማከማቸት ቀላል ነው። ጣቢያው የሚይዘው መሬትም ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በ2014 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ከማዕድን ቁፋሮው እስከ ጣቢያው መፍረስ ያለው ሁሉ ተደምሮ፣ ኒውክሌር በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 12 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ይህ ከነፋስ ኃይል ጋር የሚስተካከል ነው። የድንጋይ ከሰል 820 ግራም ይለቃል።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ሰዓት ነው። ፀሐይ የምትጠልቀው ሰው ቤቱ ገብቶ መብራትና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት ነው። ነፋስም ሲፈልግ ይነፍሳል፣ ሲፈልግ ይተኛል። ጀርመን በ2024 መገባደጃ ላይ ሰማዩ ጨልሞ ነፋሱም ቆሞ የኤሌክትሪክ ገበያዋ ዋጋ በአንዳንድ ሰዓቶች ጣሪያ ነክቶ ነበር። የኒውክሌር ማብላያ ግን ነዳጅ ሊሞላ እስኪቆም ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሌት ተቀን ይሠራል።

ይህን በአገር ደረጃ ያሳየችው ፈረንሳይ ናት። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ሜስመር በ1974 ባስጀመሩት ዕቅድ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከ50 በላይ ማብላያዎች ተሠሩ። ሚስጥሩ ተመሳሳይ ንድፍ ደጋግሞ መሥራት ነበር። ዛሬም ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከእነዚሁ ጣቢያዎች ይመጣል።

ወደ እኛ የቀረበም ምሳሌ አለ። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የባራካ ጣቢያ አራት ማብላያዎች ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሩቡን ይሸፍናሉ። በአቡ ዳቢና በዱባይ የሚሠሩ ወገኖቻችን በዚያ ሐሩር የሚጠለሉበትን ቀዝቃዛ አየር በከፊል የሚያመነጨው ኮሪያውያን የገነቡት ይህ ጣቢያ ነው።

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ወደዚሁ ዞረዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ቀንና ሌት የማይቋረጥ ኃይል ይፈልጋሉ። ማይክሮሶፍት በ2024 ኃይሉን ሊገዛ የተዋዋለው ማብላያ የሚገኘው፣ በ1979 አሜሪካን ባስደነገጠው አደጋ ስሙ በገነነው በሥሪ ማይል አይላንድ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያ አደጋ የተጎዳው ግን ጎረቤቱ ማብላያ ነበር፤ ይህኛው እስከ 2019 ሠርቶ የተዘጋው አላዋጣ ስላለ ነው።

ፍርሃቱ

ተቃዋሚዎቹስ? የመጀመሪያው ቃላቸው ቼርኖቤል ነው። ሚያዝያ 1986 በዩክሬን የፈነዳው ማብላያ በመጀመሪያዎቹ ወራት 30 ያህል ሰው ገደለ፤ ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ከቀያቸው ተነሡ። ጨረሩን በብዛት ካገኛቸው ሰዎች መካከል እስከ 4 ሺህ የሚደርሱት በካንሰር ሊሞቱ እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ከዚህ ከፍ ያለ ግምት ያላቸው አጥኚዎችም አሉ።

ፉኩሺማ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። መጋቢት 2011 ሱናሚው የባሕር ግድቡን ዘልሎ ሲገባ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጡት ጀነሬተሮች አብዛኞቹ በውኃ ተዋጡ። ማቀዝቀዣ ያጡ ሦስት ማብላያዎችም ቀለጡ። የጃፓን መንግሥት በጨረሩ ምክንያት እንደሞተ በይፋ ያመነው አንድ ሠራተኛ ነው። ይሁንና ከ150 ሺህ በላይ ሰው በጥድፊያ ሲሸሽ፣ ሕሙማን በአውቶቡስ ላይ ለሰዓታት ሲንገላቱ፣ አረጋውያን በመጠለያ ሲሰነብቱ፣ በፉኩሺማ ክፍለ ግዛት ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ሰው ከመፈናቀሉ በተያያዘ ችግር ሕይወቱ አለፈ። ደጋፊዎች ይህን ሲያዩ «የገደለው ፍርሃቱ ነው» ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ «አደጋው ባይኖር ማን ይሸሽ ነበር?» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ቁጥሩን አልሳቱትም።

በደረቅ ሂሳብ ከተሄደ የደጋፊዎቹ ሚዛን ይደፋል። ለእኩል መጠን ኤሌክትሪክ የድንጋይ ከሰል በጭሱና በማዕድን አደጋው የሚገድለው ሰው፣ ኒውክሌር ቼርኖቤልንና ፉኩሺማን ጨምሮ ከገደለው በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። በከሰል ጭስ የሚሞተው ሰው በየሆስፒታሉ ተበታትኖ ስለሚሞት ዜና አይሆንም።

ያም ሆኖ የሕዝቡን ስጋት አለማወቅ ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ፉኩሺማን ሰው ሠራሽ አደጋ ብሎታል፤ ተቆጣጣሪው አካል ከሚቆጣጠረው ኩባንያ ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ነበር። እዚያ የጎደለው የጥንቃቄ ዕውቀት አልነበረም፤ የጎደለው «አይሆንም» ብሎ የሚያስቆም ባለሥልጣን ነበር። ጦርነትም አለ። ስድስት ማብላያዎች ያሉት፣ በአውሮፓ ትልቁ የሆነው የዩክሬኑ ዛፖሪዥያ ጣቢያ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በሩሲያ ጦር እጅ ነው። የነፋስ ተርባይን ቢመታ አንድ ተርባይን ይወድቃል። በዛፖሪዥያ ዙሪያ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ግን አህጉሩ ሁሉ ይደነግጣል።

ከአለቱ ሥር

ሌላው የማያባራ ክርክር ያገለገለው ነዳጅ ነው። መርዛማነቱ ወደ ተፈጥሯዊው ማዕድን ደረጃ እስኪወርድ 100 ሺህ ዓመት ግድም ይቆጠራል። በዚህ ጉዳይ ፊንላንድና አሜሪካ ሁለት ፊት ናቸው።

በኦልኪሉኦቶ ደሴት፣ ከዚያው ከአዲሱ ማብላያ አጠገብ፣ ፊንላንዳውያን ኦንካሎ የሚባል መቃብር ቆፍረዋል። ጥምዝምዙ መንገድ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አለቱ ወደ ሁለት ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ያገለገለው ነዳጅ መጀመሪያ በብረት፣ ከዚያ በወፍራም መዳብ በተሠራ በርሜል ይታሸጋል። በርሜሉ በአለቱ ውስጥ በተቦረቦረ ጉድጓድ ይቀመጥና ዙሪያው ውኃ ሲነካው በሚያብጥ ልዩ ሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል። አፈሩ ሲያብጥ ክፍተቱን ስለሚዘጋ ውኃ ወደ መዳቡ አይደርስም ነው የሚሉት። ዋሻው ሲሞላ ይደፈናል፤ ጠባቂም አያስፈልገውም።

ከምህንድስናው ይበልጥ የሚደንቀው አሠራሩ ነው። በፊንላንድ ሕግ ቦታው የሚመረጥበት ቀበሌ አልፈልግም የማለት ሙሉ መብት አለው። ኦልኪሉኦቶ የሚገኝበት የኤውራዮኪ ቀበሌ ምክር ቤት በ2000 ተስማማ፤ ፓርላማው በማግስቱ ዓመት አጸደቀው። አሜሪካ ግን በ1987 የኔቫዳውን ዩካ ተራራ በሕግ ስትመርጥ የግዛቷን ሕዝብ ተቃውሞ አልሰማችም። ፕሮጀክቱ ለአሥርት ዓመታት ሲያሟግት ኖሮ ቆመ። 90 ሺህ ቶን ያህል ያገለገለ ነዳጅ ዛሬም በየጣቢያው ግቢ በገንዳና በኮንክሪት ታሽጎ ተቀምጧል። እስካሁን የከፋ ጉዳት አላደረሰም፤ መቋጫም አላገኘም።

ስለዚህ «ቆሻሻው መፍትሔ የለውም» የሚለው ስህተት ነው፤ «መፍትሔው ተገኝቷል» የሚለውም ለፊንላንድ እንጂ ለዓለም ገና አልሠራም።

ጨረሩ ወይስ ወለዱ?

አሁን ሁለቱም ወገኖች ዘለው የሚያልፉት ጉዳይ ላይ ደረስን። በባንክ ብድር ፎቅ የጀመረ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ሕንፃው ሳያልቅ፣ ኪራይ ሳይገባ፣ ወለዱ ይቆጥራል። የኒውክሌር ጣቢያም እንደዚሁ ነው። ነዳጁ ርካሽ ነው፤ ወጪው ያለው ግንባታው ላይ ነው። ግንባታው በዘገየ ቁጥር ወለዱ ዋናውን እያሳደደ ይሄዳል።

መዝገቡ ይህን ያሳያል። በደስታ የተመረቀው የፊንላንዱ ማብላያ በ2005 ሲጀመር በአራት ዓመት ሊያልቅ ነበር፤ ሥራ የጀመረው ከታቀደው 14 ዓመት ዘግይቶ ነው። ጣቢያውን በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለውን የፈረንሳዩን ኩባንያ አሬቫን ኪሳራው ጉልበቱን ሰበረው። ፈረንሳይ ራሷ በፍላማንቪል በ2007 የጀመረችው ማብላያ በ3.3 ቢሊዮን ዩሮ በ2012 ሊጠናቀቅ ታቅዶ፣ ከመረቡ ጋር የተገናኘው በ2024 መጨረሻ፣ ወጪውም ከ13 ቢሊዮን ዩሮ ያለፈ ሆነ። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የቮግትል ሁለት አዳዲስ ማብላያዎች ሰባት ዓመት ዘግይተው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጁ። በደቡብ ካሮላይና ደግሞ የቪ ሲ ሰመር ፕሮጀክት 9 ቢሊዮን ዶላር ግድም ከበላ በኋላ በ2017 ተጣለ፤ ደንበኛው ላልበራ መብራት ከፈለ።

ለመሆኑ ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው? አይደለም። ቻይና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማብላያ በአምስት፣ በስድስት ወይም በሰባት ዓመት ትጨርሳለች፤ አሁንም 30 ገደማ እየገነባች ነው። ልዩነቱ ሳይንሱ አይደለም። ሥራ የማይቋረጥባቸው ብየዳ ሠራተኞችና መሐንዲሶች፣ ደጋግሞ የሚሠራ ንድፍ፣ የመንግሥት ርካሽ ብድር አላት። ምዕራባውያኑ ግን 20 እና 30 ዓመት ሳይገነቡ ቆይተው፣ ያልተጠናቀቀ ንድፍ ይዘው መሬት ቆፈሩ።

ቻይና ግን ለሁለቱም ወገን መልስ አላት። ኒውክሌርን እንደ እሷ በፍጥነት የሚሠራ የለም፤ ሆኖም ከኤሌክትሪኳ ኒውክሌር የሚይዘው 5 በመቶ ገደማ ነው። በ2024 ብቻ 277 ጊጋ ዋት የፀሐይ ኃይል ተክላለች። የመላው ዓለም የኒውክሌር ማብላያዎች አቅም ቢደመር 400 ጊጋ ዋት አይሞላም። እርግጥ አንድ ጊጋ ዋት ፀሐይ ከአንድ ጊጋ ዋት ኒውክሌር ጋር አይስተካከልም፤ ፀሐይ ሌሊት የለችም። በ2024ም ቢሆን ኒውክሌር በዓለም ላይ ያመነጨው ኤሌክትሪክ ከፀሐይ ይበልጥ ነበር። ፍጥነቱ ግን የሚናቅ አይደለም። የፀሐይ ፓነል ዋጋ ከ2010 ወዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ 90 በመቶ ያህል ወረደ፤ ባትሪም እየረከሰ ነው። በካሊፎርኒያ በ2024 ጸደይ አንዳንድ ምሽት ላይ ባትሪዎች ከየትኛውም ምንጭ በላይ ኃይል ያቀረቡበት ጊዜ ነበር። ለጥቂት ሰዓት ግን እንጂ ለሁለት ሳምንት ጨለማ አይደለም።

አስተማማኝነቱም ቢሆን ገደብ አለው። ፈረንሳይ በ2022 በቧንቧዎች ላይ በተገኘ ስንጥቅና በጥገና መደራረብ ምክንያት ከማብላያዎቿ ግማሽ ያህሉን አቁማ፣ ከ40 ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሸጠችው ኤሌክትሪክ የገዛችው በለጠ። አንድ ዓይነት ንድፍ ደጋግሞ መሥራት ርካሽ ያደርጋል፤ ስህተቱ ሲገኝ ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ያቆማል።

ብዙዎች ተስፋ የጣሉት በትናንሽ ማብላያዎች ላይ ነው፦ በፋብሪካ ተሠርተው፣ በቦታው ተገጣጥመው፣ ወጪያቸው ቀንሶ። ሩሲያ በመርከብ ላይ የጫነችው አካዴሚክ ሎሞኖሶቭ በአርክቲኳ ፔቬክ ከተማ ኃይል ይሰጣል። ካናዳም በኦንታሪዮ መገንባት ጀምራለች። በአሜሪካ ግን የኑስኬል ኩባንያ የመጀመሪያ ፕሮጀክት የታቀደው የኃይል ዋጋ ከ58 ወደ 89 ዶላር በሜጋ ዋት ሰዓት ሲያሻቅብ በ2023 መጨረሻ ተሰረዘ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ርካሽነቱን ግን በገበያ ያረጋገጠ እስካሁን የለም።

አዲስ ገቢዎች

አፍሪካ ውስጥ የሚሠራው የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ ብቻ ነው፤ በኬፕ ታውን አቅራቢያ ያለው ኩበርግ። ግብፅ በኤል ዳባ 4,800 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ማብላያዎችን በሩሲያ የ25 ቢሊዮን ዶላር ብድር እየገነባች ነው። ገንቢዋም፣ አበዳሪዋም፣ ነዳጅ አቅራቢዋም ሩሲያ ናት። ይህ ለጀማሪ ምቹ ነው፤ በአንድ አገር እጅ መውደቅም ነው።

ኢትዮጵያም በሩ ላይ ቆማለች። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የመንግሥት የኒውክሌር ኩባንያ ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ጣቢያ ለመገንባት የሚያበቃ የድርጊት መርሐ ግብር ተፈርሟል። የደጋፊዎቹ ምክንያት ቀላል አይደለም። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። በ2001 ዓ.ም. የግድቦቹ ውኃ ሲጎድል መብራት በፈረቃ ይታደል እንደነበር የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። ሰማዩን የማይጠብቅ ምንጭ መፈለግ አርቆ ማሰብ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው እስካሁን መብራት የለውም፤ ለእሱ የጎደለው ማመንጫ ሳይሆን ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። በዘርፉ የቆየ ልማድም አለ፦ አንድ ማብላያ ከመረቡ አቅም 10 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ድንገት ቢቆም አገሩን ሁሉ ያጨልማልና። 1,200 ሜጋ ዋት ለሚያህል ማብላያ 12 ሺህ ሜጋ ዋት የሚሸከም መረብ ያሻል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ማመንጫዎች ህዳሴን ጨምሮ ተደምረው 10 ሺህ ግድም ቢሆኑ ነው። የእንፋሎት ኃይል ከስምጥ ሸለቆ፣ ነፋስ ከአዳማና ከአሸጎዳ፣ ፀሐይ ከየቦታው እያለ በቢሊዮን ዶላር መበደር ለእነዚህ ሰዎች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የኤምሬቶቹ ተሞክሮ እዚህ ላይ ይረዳል። አቡ ዳቢ ከኮሪያውያን ጋር ከመዋዋሏ በፊት ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመች፤ ዩራኒየም እንደማታበለጽግም በውል ታሰረች። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ማብላያ ከታቀደው ሦስት ዓመት ዘገየ። ካዘገዩት ምክንያቶች ዋነኛው ኮንክሪት አልነበረም፤ ፈቃድ የሚያሰጥ ብቃት ያላቸው ኦፕሬተሮችን ማሠልጠን ነበር። ገንዘብ በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፣ በሌለበት የሰው ኃይሉ ሥልጠና ከሁሉ መቅደም አለበት።

ፍርዱ

የሁለቱን ወገን ቃል ከሰማሁ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ደኅንነቱ ተረጋግጦ የሚሠራን ጣቢያ ከዕድሜው በፊት መዝጋት ስህተት ነው። ጀርመን ኒውክሌርን ብትዘጋም በ2023 ከኤሌክትሪክ ፍጆታዋ ከግማሽ በላይ የሆነውን ከታዳሽ ኃይል ሸፍናለች፤ ይህ ያስመሰግናታል። ግን ቅድሚያ ከሰሉን ብትዘጋ ኖሮ ጭሱ ቶሎ በቀነሰ ነበር። አዲስ የሚገነባ አገር ደግሞ ልምዱ፣ ርካሽ ብድሩና ጠንካራ ተቆጣጣሪው ካለው ይገንባ። እነዚህ የሌሉት በሌላው ምንጭ ይጀምር፣ የኒውክሌር ባለሙያዎቹን ግን ከዛሬ ያሠልጥን። ኒውክሌር የዓለምን ኃይል ብቻውን አይሸከምም፤ ያለ እሱም ሸክሙ ይከብዳል።

ለአንባቢ የምለው አንድ ነገር አለ። የትም አገር ብትኖሩ መንግሥታችሁ የኒውክሌር ጣቢያ ልሠራ ነው ሲል፣ «ጨረሩስ?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። ግንባታው ቢዘገይ ወለዱን ማን ይከፍላል? ጣቢያውን «አቁም» የማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍለዋል? ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል፣ የአካባቢው ሰውስ ተጠይቋል? እነዚህ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ካልተመለሱ፣ ፊርማው ይቆይ።